የመፀው ሰማይ መዝገብ፦ ፈላሽ አዳኝ አዕዋፍ እንዴትና ለምን ይቆጠራሉ?

መስከረም አጋምሶ ክረምቱ ሲወጣ፣ ደመናው ሳስቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በአፋር ወይም በስምጥ ሸለቆ ሜዳ ላይ ቆሞ እኩለ ቀን ገደማ ወደ ላይ የሚመለከት ሰው አንድ እንግዳ ነገር ሊያይ ይችላል። መጀመሪያ አንድ ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ቀጥሎ አምስት፣ ከዚያም ሃምሳ። ነጥቦቹ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በአንድ ማዕከል ዙሪያ እየተሽከረከሩ ከፍ ከፍ ይላሉ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም አንድ በአንድ ከክቡ እየወጡ፣ በሰልፍ እንደሚጓዝ ሠራዊት፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይንሸራተታሉ። እነዚህ ከካዛኪስታንና ከሩሲያ የሣር ሜዳዎች፣ አንዳንዶቹም ከባልካን ተራሮች ተነሥተው ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ያቋረጡ ንስሮች፣ ባዛርዶችና ጥንብ አንሳዎች ናቸው።

ለአብዛኛው ሰው ይህ የሚያምር ትዕይንት ነው። ለሥነ ሕይወት ተመራማሪ ግን ከትዕይንትም በላይ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚገለጥ የመረጃ መዝገብ ነውና። መዝገቡን ለማንበብ ደግሞ መቁጠር ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ አዕዋፍ ለምን በጠባብ ሥፍራዎች እንደሚሰበሰቡ፣ እንዴት እንደሚቆጠሩ፣ ቆጠራው ምን ዓይነት ስሕተት ሊያጋጥመው እንደሚችልና ከቁጥሮቹ ምን እንደምንማር በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ያለ ሞተር የሚበር አካል

አዳኝ አዕዋፍ የሚባሉት በጠንካራ ጥፍርና በቆልማማ መንቁር ሥጋ የሚመገቡት፣ ማለትም ንስር፣ ጭልፊት፣ ጭላትና የመሳሰሉት ናቸው። ጥንብ አንሳዎች እምብዛም ባያድኑም በዝምድናቸው ምክንያት በዚሁ ቆጠራ ውስጥ ይካተታሉ። ብዙዎቹ በአውሮፓና በእስያ ተራብተው፣ ቅዝቃዜው ሲገባና የሚታደኑት ትናንሽ እንስሳት በየጉድጓዳቸው ሲሸሸጉ፣ ምግብ ወደሚገኝበት ወደ አፍሪካ ይፈልሳሉ።

ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ በምን ጉልበት ይጓዙታል? ትልቅ ክንፍና ከባድ አካል ያለው ወፍ ክንፉን እያርገበገበ ረጅም መንገድ ቢበር ኃይሉን በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ ተፈጥሮ ሌላ ዘዴ ሰጥታዋለች። ፀሐይ መሬትን ስታሞቅ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ጥግግቱ ስለሚቀንስ እንደ ዓምድ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ወፉ በዚህ ዓምድ ውስጥ ክብ እየሠራ ያለ ድካም ከፍታ ያገኛል። ዓምዱ ሲደክም ክንፉን ዘርግቶ ወደሚቀጥለው ዓምድ ይንሸራተታል። ጉዞው በሙሉ የመውጣትና የመንሸራተት ድግግሞሽ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ዘዴ በባሕር ላይ አይሠራም፤ ቢሠራም እጅግ ደካማ ነው። የባሕር ውኃ የፀሐይን ሙቀት ወደ ጥልቁ ስለሚያሰራጭ ወለሉ እንደ የብስ ፈጥኖ አይሞቅም፤ ስለዚህም ጠንካራ የሞቀ አየር ዓምድ አይፈጠርበትም። ጉዳዩን በቀላል ስሌት እንየው። አንድ ንስር አንድ ሜትር ከፍታ በሚያጣበት ጊዜ 15 ሜትር ወደፊት ይንሸራተታል ብለን እናስብ። ነፋስ በሌለበት ሁኔታ 26 ኪሎ ሜትር የባሕር ወሽመጥ ለመሻገር የሚያስፈልገው ከፍታ 26,000ን ለ15 በማካፈል ይገኛል፤ ይህም 1,730 ሜትር ያህል ነው። ይህ በሞቃት ቀን ሊደረስበት የሚችል ከፍታ ነው። ባሕሩ 200 ኪሎ ሜትር ስፋት ቢኖረው ግን ከ13,000 ሜትር በላይ መውጣት ያስፈልገዋል፤ ይህ ከኤቨረስት ተራራ ጫፍ እንኳ እጅግ የራቀ ነው። በመሆኑም ወፎቹ ሰፊውን ባሕር ትተው ጠባቡን በር ይፈልጋሉ።

የዓለም ጠባብ በሮች

በዚህ ምክንያት በሰፊ ምድር ላይ ተበታትነው የኖሩ አዕዋፍ በፍልሰት ጊዜ በጥቂት ማነቆ ሥፍራዎች ላይ ይሰበሰባሉ። በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል የጂብራልታር ወሽመጥ፣ በቱርክ የቦስፎረስ ወሽመጥ፣ በግብፅ የስዊዝ አካባቢ የታወቁ ናቸው። በጆርጂያ በጥቁር ባሕርና በካውካሰስ ተራሮች መካከል በምትገኘው በባቱሚ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ ቆጠራ ሲካሄድ፣ በአንድ የፍልሰት ወቅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳኝ አዕዋፍ ይመዘገባሉ። በሜክሲኮ የቬራክሩዝ ግዛት ደግሞ ቁጥሩ ከ4 ሚሊዮን የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው በር በጅቡቲና በየመን መካከል ያለው ባብ ኤል ማንደብ ነው። ስሙ በዓረብኛ «የእንባ በር» ማለት ሲሆን፣ በጠባቡ በኩል ስፋቱ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መፀው ጄፍሪና ሂላሪ ዌልች የተባሉ እንግሊዛውያን በጅቡቲ ዳርቻ ሆነው ከየመን የሚሻገሩትን አዳኝ አዕዋፍ ቆጠሩ። በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የተመዘገበው ድምር ከ246,000 በላይ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከ98,000 የሚበልጡት ባዛርዶች፣ ከ76,000 የሚበልጡት ደግሞ የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። ከዚያ በፊት ይህ ወሽመጥ የዚህን ያህል ታላቅ የፍልሰት ጎዳና መሆኑን የሚያሳይ አኃዝ አልነበረም። ሁለት ሰዎች በመነጽርና በማስታወሻ ደብተር ብቻ የዓለምን የፍልሰት ካርታ አስተካከሉ ማለት ነው።

በሳተላይት መከታተያ የተደረጉ ጥናቶችም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነገር አሳይተዋል። የስቴፕ ንስር በመፀው በባብ ኤል ማንደብ በኩል ወደ አፍሪካ ይገባል፤ ሲመለስ ግን በዚያው በር ሳይሆን ወደ ሰሜን ተጉዞ በስዊዝ አካባቢ ይሻገራል። ጉዞው የቀለበት ቅርጽ አለው። ስለዚህ በጅቡቲ መፀውን፣ በስዊዝና በኤላት አካባቢ ደግሞ የመመለሻውን ወቅት የሚቆጥሩ ሰዎች የአንድን ዝርያ ሕይወት ከሁለት ጫፍ እያዩ ነው።

ቆጠራው እንዴት ይካሄዳል?

የቆጣሪው መሣሪያ ውድ አይደለም። ባይኖኩላር፣ ከተገኘ ቴሌስኮፕ፣ በአውራ ጣት እየተጫነ የሚቆጥር ትንሽ የእጅ መቁጠሪያ፣ ሰዓት፣ እርሳስና የመመዝገቢያ ቅጽ ይበቃል። ከባዱ ነገር ትዕግሥትና ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የሚከተሉትን ያካትታል።

አንደኛ፣ ቦታውና ጊዜው አይለዋወጥም። ቆጣሪዎች ሰማዩ በሰፊው በሚታይበት ከፍታ ላይ ይቀመጣሉ፤ አየሩ መሞቅ ከሚጀምርበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት አንሥቶ ዓምዶቹ እስከሚደክሙበት እስከ 11 ሰዓት ድረስ በየቀኑ ይቆጥራሉ። በየሰዓቱ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የደመናው መጠንና የእይታው ጥራት ይመዘገባል።

ሁለተኛ፣ ምናባዊ መስመር ይሰመራል። ከቆጣሪው ቦታ ተነሥቶ ከፍልሰቱ አቅጣጫ ጋር ማዕዘናዊ የሆነ መስመር በሰማዩ ላይ ይታሰባል፤ ወፍ የሚቆጠረው ይህን መስመር ሲያልፍ ብቻ ነው። በክብ እየተሽከረከሩ ያሉ ወፎችን ለመቁጠር መሞከር ትርፉ ድካም ነው፤ አንዱ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል፣ ሌላው ይዘለላል። ልምድ ያለው ቆጣሪ ክቡ እስኪበተን ይጠብቅና ወፎቹ ተራ በተራ ሲንሸራተቱ ይቆጥራቸዋል።

ሦስተኛ፣ ብዛት ሲያይል በቡድን ይቆጠራል። በደቂቃ በመቶ የሚቆጠሩ ወፎች ሲያልፉ አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም። ቆጣሪው በመጀመሪያ አሥር ወፎችን በትክክል ይቆጥርና የያዙትን የሰማይ ስፋት በዓይኑ ይይዛል፤ ያንን ስፋት እንደ መስፈሪያ በመጠቀም ሰልፉን በአሥር በአሥር፣ በጣም ሲበዛም በሃምሳ በሃምሳ ይሰፍራል።

አራተኛ፣ ዝርያና ዕድሜ ይለያል። ለምሳሌ ከእስያ የሚመጣው የስቴፕ ንስርና በአገራችን ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ዳለቻ መሰል ንስር በጣም ይመሳሰላሉ። ይሁን እንጂ የስቴፕ ንስር የአፉ ቅዳጅ እስከ ዓይኑ ኋለኛ ጫፍ ድረስ ይዘልቃል፤ የነባሩ ግን እስከ ዓይኑ መካከል ገደማ ብቻ ነው። ታዳጊው የስቴፕ ንስር ደግሞ በክንፉ ሥር ለረጅሙ የሚታይ ነጭ መስመር ስላለው በሩቁ ይታወቃል። ያልታወቀ ወፍ ሲያጋጥም «ያልተለየ» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ በግምት ስም አይሰጠውም። በሳይንስ ውስጥ እርግጠኛ አለመሆንን በግልጽ መጻፍ የሥራው ክብር ነው።

ከቆጠራው የሚያመልጡ

ማንም ቆጣሪ ሁሉንም አያይም። በጣም ከፍ ብለው የሚያልፉ አሉ፤ ጠርቶ በታየ ሰማያዊ ሰማይ ላይ ነጥብ መሰል ወፍ ከደመና ፊት ለፊት ካለው ይልቅ ለማየት ይከብዳል። ታዲያ ያላየነውን እንዴት እንገምታለን? አንዱ መንገድ ሁለት ቆጣሪዎችን ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ማስቆጠር ነው።

ለምሳሌ በአንድ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ቆጣሪ 80 ወፎችን፣ ሁለተኛው 75 ወፎችን አዩ እንበል፤ ማስታወሻቸው ሲነጻጸር 60ዎቹ በሁለቱም የታዩ ናቸው። ሁለተኛው ካያቸው 75 ወፎች ውስጥ የመጀመሪያው 60ውን ስላየ የማየት ብቃቱ 60 ለ75፣ ማለትም 80 በመቶ ነው። ስለዚህ እርሱ ያያቸው 80 ወፎች ከጠቅላላው 80 በመቶ ናቸው ብንል፣ ያለፉት ወፎች 100 ያህል ይሆናሉ። ሁለቱ በጋራ ያዩት 80 ሲደመር 75 ሲቀነስ 60፣ ይኸውም 95 ነው፤ እንግዲህ 5 ወፎች ከሁለቱም ዓይን አምልጠዋል ማለት ነው። ይህ ቀላል ስሌት የታየውን ተጠቅሞ ያልታየውን ለመገመት ያስችላል።

ሌላው ችግር የድካም መጠን አለመመጣጠን ነው። አንድ ቡድን ሰኞ 8 ሰዓት ቆጥሮ 1,200 ወፎችን፣ ማክሰኞ በዝናብ ምክንያት 5 ሰዓት ብቻ ቆጥሮ 900 ወፎችን ቢያገኝ ድምሩ ሰኞ የበለጠ ያስመስላል። በሰዓት ሲታሰብ ግን ሰኞ 150፣ ማክሰኞ 180 ነው። የሰዓቱ ብዛት ያልተጻፈበት ቁጥር እንግዲህ ግማሽ መረጃ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የነፋስ ጉዳይ ነው። የጎን ነፋስ የፍልሰቱን ጎዳና ብዙ ኪሎ ሜትር ሊያዞረው ይችላል። በዚያ ዓመት ቁጥሩ ቢቀንስ ወፎቹ ሞተዋል ማለት አይደለም፤ በሌላ በኩል አልፈው ይሆናል። የባቱሚ ቆጣሪዎች ከአንድ ይልቅ ሁለት ጣቢያዎችን የሚጠቀሙት ስለዚህ ነው፤ ጎዳናው ወደ ባሕሩ ቢጠጋ አንዱ፣ ወደ ተራራው ቢሸሽ ሌላው ያገኘዋል።

ከሁሉ የከፋው ችግር ግን ትዕግሥት ማጣት ነው። የአንድ ዝርያ ቁጥር በየዓመቱ በ5 በመቶ ቢቀንስ በአሥረኛው ዓመት ከ100,000 ወፎች የሚቀሩት 60,000 ገደማ ናቸው። ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ይሁንና የአየሩ ጠባይ ብቻውን ቆጠራውን ከዓመት ዓመት በ20 ወይም በ30 በመቶ ከፍና ዝቅ ሊያደርገው ስለሚችል፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ቆጠራ ጉዳቱ አይታይም። አዝማሚያውን የሚገልጠው በአንድ ዓይነት ዘዴ ለብዙ ዓመታት የተሰበሰበ መዝገብ ነው። የ1987ቱ የጅቡቲ ቆጠራ ታላቅ ቢሆንም አንድ ነጥብ ነው፤ በአንድ ነጥብ ደግሞ መስመር አይሰመርም።

ቁጥር ሲናገር

የረጅም መዝገብን ጥቅም ለማየት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፔንሲልቬኒያ ግዛት እንሂድ። እዚያ ጭልፊቶችና ንስሮች በሚያልፉበት ተራራ ላይ አዳኞች በየመፀው እየተሰበሰቡ ወፎቹን በጠመንጃ ይጥሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የተባሉ ሴት ቦታውን ተከራይተው መጠበቂያ አደረጉት፤ ሞሪስ ብሩን የተባለውን የአዕዋፍ አዋቂም ጠባቂ አድርገው ቀጠሩት። ብሩን አዳኞቹን ከማገድ ጎን ለጎን የሚያልፉትን ወፎች በየቀኑ ይመዘግብ ጀመር። ዛሬ «ሆክ ማውንቴን» የሚባለው ይህ ሥፍራ በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው የአዳኝ አዕዋፍ ቆጠራ መዝገብ አለው።

መዝገቡ ሲጀመር ወደፊት ምን እንደሚጠቅም ማንም አላወቀም ነበር። በኋላ ግን ነጭ ራስ ያለው የአሜሪካ ንስር በዕድሜ ተለይቶ ሲታይ አስደንጋጭ ነገር ተገኘ። ከ1935 እስከ 1939 ባሉት ዓመታት ከታዩት ንስሮች 40 በመቶው ታዳጊዎች ነበሩ፤ ከ1955 እስከ 1959 ግን ድርሻቸው ወደ 20 በመቶ ወረደ። በ1957 ለ32 አዋቂ ንስሮች የታየው አንድ ታዳጊ ብቻ ነበር። ንስር ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር አዋቂዎቹ መታየታቸውን አላቋረጡም፤ ድምሩን ብቻ ላየ ሰው ሁሉም ደኅና ይመስል ነበር። ነገር ግን ጎጆው ባዶ ሆኖ ነበር።

ራሔል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ፀረ ተባይ መርዞች ባሳተሙት ታዋቂ መጽሐፍ ውስጥ ይህን መዝገብ በማስረጃነት አቀረቡ። ዲዲቲ የተባለው መርዝ ከነፍሳት ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ንስር ሲሸጋገር በየደረጃው እየተከማቸ ይሄዳል፤ በመጨረሻም የእንቁላሉን ቅርፊት ያሳሳዋል። እናቲቱ ስትታቀፈው እንቁላሉ ይሰበራል። አዳኝ አዕዋፍ በምግብ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ስለሚገኙ፣ ለሰውም የሚደርሰውን አደጋ ቀድመው ያሳያሉ። ዲዲቲ በአሜሪካ በ1972 ታገደ፤ ንስሩም ቀስ በቀስ አገግሞ በ2007 በአደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች ዝርዝር ወጣ።

በእኛ ሰማይ ሥር

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል? የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር የፍልሰት ጎዳና በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ በአየር ዓምድ የሚጓዙ አዕዋፍ የሚተላለፉበት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በጎዳናው ላይ ካሉት አገሮች አንዷ ናት። ከነዚህ መንገደኞች መካከል የስቴፕ ንስር ከ2015 ጀምሮ፣ የግብፅ ጥንብ አንሳ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው ተመድበዋል።

የግብፅ ጥንብ አንሳ ጉዳይ በተለይ ይመለከተናል። ከባልካን አገሮች የሳተላይት መከታተያ ተደርጎላቸው ከተነሡት አንዳንዶቹ የበጋውን ወራት የሚያሳልፉት በአፋር ነው፤ በዚያ በማለዳና በምሽት በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ ሰፍረው ሲታዩ መቁጠር ይቻላል። ነገር ግን ምሰሶው መስፈሪያ ብቻ አይደለም። በሱዳን ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ አጭር የኤሌክትሪክ መስመር ለብዙ አሥርት ዓመታት እጅግ ብዙ ጥንብ አንሳዎችን ገድሏል፤ ሽቦውና ብረቱ ተቀራርበው ስለተሠሩ ሰፊ ክንፍ ያለው ወፍ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሲነካ ይቃጠላል። መስመሩ በ2014 አገልግሎቱን ቢያቆምም ያደረሰው ጉዳት የሚካስ አልነበረም።

አገራችን መብራት ያስፈልጋታል፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫም ያስፈልጋታል። አሸጎዳና አዳማ ላይ የቆሙት ማማዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ጥያቄው «ወፍ ወይስ መብራት?» የሚል አይደለም። ሽቦውን መሸፈን፣ ምሰሶውን ለወፍ በማይጎዳ ቅርጽ መሥራት፣ ማማውን ከዋናው የፍልሰት ጎዳና ፈቀቅ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ጎዳናው የት እንደሆነ፣ በየትኛው ወርና ሰዓት እንደሚጨናነቅ ሳይታወቅ መሐንዲሱ ምን ይጠብቅ? መልሱን የሚሰጠው ቆጠራ ነው።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን የመሳሰሉ ተቋማት ቢኖሩም፣ ሰማዩ ሰፊ፣ ቆጣሪው ጥቂት ነው። ተማሪዎች ሊያግዙ የሚችሉትም እዚህ ላይ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ ቋሚ ኮረብታ ላይ፣ በቋሚ ሰዓት ቢቆጥር ጥሩ ጅምር ነው። ዝርያውን መለየት ባይቻል እንኳ «ትልቅ ንስር መሰል»፣ «መካከለኛ ጭልፊት መሰል» ብሎ መመደብ ይቻላል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆጣሪዎቹ ብዛትና የአየሩ ሁኔታ ግን ሳይጻፍ አይታለፍ። አንድም ወፍ ያልታየበት ቀን ቢኖር «ዜሮ» ተብሎ ይመዝገብ፤ ዜሮም መረጃ ነው።

መዝገቡን የጀመሩት ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ደብተሩ ለሚቀጥሉት ይተላለፍ። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ የአምስተኛው ዓመት መጠነኛ ፍንጭ ይሰጣል፤ የሃያኛው ዓመት ግን ምሰሶ የሚተክለውም ሆነ ሕግ የሚያወጣው ሰው ሊንቀው የማይችለው ማስረጃ ይሆናል። ብሩንም በ1934 በተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ወፍ ሲመዘግብ ከእነዚህ ተማሪዎች የበለጠ መሣሪያ አልነበረውም።